ከበረኛዋ ጀርባ የቆመው አባት

ሰውየውን መጀመሪያ ያወቅሁት እናቴን በሚያክምበት ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ በየሁለት ወሩ ጎንደር ቁስቋም ካለው ቤታችን ባጃጅ ይዘን ወደ ሆስፒታል እንወርዳለን። ብዙ ሐኪሞች አይተዋታል፤ እሷ የምትወደው ግን አንዱን ብቻ ነው። ምክንያቷ ቀላል ነው። ሲያናግራት ወንበሩን ወደ እሷ ያስጠጋል። ጨው ይቀንሱ ከማለቱ በፊት ወጡ ውስጥ ምን ያህል እንደምትጨምር ይጠይቃታል። መድኃኒቱን መቼ መቼ እንደምትውጥ ከረሳች እንደ አዲስ ይነግራታል እንጂ ፊቱን አያጠቁርም። «የተባረከ ልጅ ነው፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም» ትላለች።

እኔ ድምፁን የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ሜዳ ላይ ነው።

የስፖርት መምህርት ነኝ። ወጣት ሳለሁ ኳስ እጫወት ነበር፤ ጉልበቴ ተጎድቶ መጫወት ሲያቅተኝ ከሜዳው ላለመራቅ ስል የዳኝነት ኮርስ ወሰድሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች የሆኑ ልጃገረዶችን ውድድር እዳኛለሁ። ሜዳችን ሣር የሚያበቅለው በክረምት ብቻ ነው። በበጋ አቧራ ነው። መስመሩን በማለዳ በኖራ እናሰምረዋለን፤ ዕረፍት ሳይደርስ ግማሹ በልጆቹ ጫማ ተጠርጎ ያልቃል። ለተመልካች መቀመጫ የሚባል ነገር የለም። ወላጆች መስመሩ ላይ ይቆማሉ፤ ጨዋታው ሲግል ደግሞ መስመሩን አልፈው ይገባሉ። አንዳንዴ የማዕዘን ምት የምትመታ ልጅ ለመንደርደር «እባካችሁ አሳልፉኝ» ማለት ይኖርባታል።

ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ ሆስፒታልና መንግሥት ቢሮ የሚሠሩ ናቸው። በሳምንቱ መካከል አራዳ ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል፤ ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ዓይንሽን ታከሚ ብለውኛል። አንድ አባት ሴት ልጅ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች ብሎ ሲጮህብኝ የራሱ ሴት ልጅ ከፊቱ ኳስ ይዛ ትሮጥ ነበር። አንዲት እናት ደግሞ ልጇ በተጠለፈች ቁጥር ጃንጥላዋን እየነቀነቀች እስከ መሀል ሜዳ ትከተለኛለች።

በመጀመሪያው ዓመት ከጨዋታ ስመለስ እናቴ እንዳታይብኝ ፊቴን እየታጠብሁ አለቅስ ነበር። ያሠለጠኑኝ አንድ አንጋፋ ዳኛ ይህን ሲሰሙ ሳቁና፣ ወደ ሜዳ ስትመጪ ጆሮሽን ቤት አስቀምጠሽ ነይ አሉኝ። ምክራቸውን ያዝሁት። ቀስ በቀስ የወላጆቹ ጩኸት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሆነልኝ፤ አለ፣ ግን ምንም አይለኝም። ጎበዝ ዳኛ የሆንሁ መሰለኝ።

ሐኪሙ ሜዳው ላይ ብቅ ያለው በሦስተኛው ዓመቴ ነው። ልጁ በረኛ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ እጆቿ ረጃጅም ናቸው፤ ጓንቷ ስለሚሰፋት አንጓዋ ላይ በጎማ ታስረዋለች። ከአጥቂ እግር ሥር ኳስ ለመንጠቅ ስትወድቅ አትፈራም። የምትፈራው ከተነሣች በኋላ ነው። ኳሷን ይዛ እንደቆመች ወዲያው ወደ ኋላዋ ዞር ትላለች። ከኋላዋ አባቷ አለ።

ሌሎቹ ወላጆች በመስመሩ ርዝመት ተሰልፈው ሲቆሙ እሱ የሚቆመው ከጎሉ ጀርባ ነው፤ መረቡን በሁለት እጁ ጨብጦ። እዚያ ሆኖ ጨዋታውን በሙሉ ይነግራታል። ውጪ፣ ተመለሺ፣ ምን ታያለሽ፣ እጅሽን ዘርጊ፣ ስንቴ ልንገርሽ። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ እሱም ሜዳውን ዞሮ አዲሱ ጎል ጀርባ ይቆማል። የኔንም ድርሻ አያስቀርብኝም ነበር፤ እኔ ግን አልሰማም። ሰኞ እናቴን ይዤ ስሄድ ያው ሰው ወንበሩን ያስጠጋል። ስለ ቅዳሜ እሱም አያነሣ፣ እኔም አላነሣ።

ነገሩ የመጣው ከአይከል ቡድን ጋር የተጫወቱ ቀን ነው። አይከል የጭልጋ ከተማ ናት፤ ከጎንደር ብዙም አትርቅም። በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት ግን ጨዋታው ሁለት ጊዜ ተላልፎ ነበርና ያን ቅዳሜ የእንግዶቹ አውቶቡስ ሲደርስ የኛዎቹ ልጆች ሳይቀሩ እየዘለሉ ተቀበሉት። ከተጫዋቾቹ ጋር ጥቂት ቤተሰቦችም ወረዱ። ከነሱ አንዱ የልጅ ልጃቸውን ለማየት የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ልጆቹ ሁሉ «አያ» ይሏቸዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከሜዳው ማዶ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

በረኛዋ ያን ቀን ሦስት የሚያስጨንቁ ኳሶች አዳነች። ሦስቱንም ጊዜ ኳሷን አቅፋ ዞር አለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አቋቋሟ የሆነ ነገር ተነገራት። ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ገና ባዶ ለባዶ እያሉ፣ አንዲት የአይከል አጥቂ ከቅርብ መታች። ኳሷ ከአንዲት ተከላካይ ጋር ተላትማ ወደ ውጭ ወጣች። እኔ የቆምሁት ከተከላካይዋ በስተኋላ ነበር። ክንዷ ሲነሣ አየሁ። እጅ ነው ብዬ ፊሽካዬን ነፋሁና ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ።

ከዚያ የተነሣውን ጩኸት ቤት የቀረ ጆሮም ይሰማዋል። ሐኪሙ ከመረቡ ጀርባ ወጥቶ ሜዳው ውስጥ ገባ። ደረቷን ነው የመታቻት፣ ዕውር ነሽ ወይ እያለ ወደ እኔ መጣ። ሊደርስብኝ ሲል ግን ወደ ልጁ ዞረ። ቀድመሽ ወጥተሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ አላት። ከባለፈው ሳምንት ስሕተቷ፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ሳምንት ስሕተቷ ጋር አያይዞ ነገራት። ልጅቷ የጎሉ መስመር ላይ ቆማ ጓንቷን ታያለች። እጄን ዘርግቼ ወደ ውጭ መለስሁት። ወደ መረቡ ተመለሰ፤ ዝም ግን አላለም።

ኳሷን ለማስቀመጥ ወደ ቅጣት ምቱ ነጥብ ስጠጋ ልጅቷ ጥቂት እርምጃ ወደ እኔ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ቲቸር፣ አባቴን ማስወጣት ይችላሉ?» አለችኝ።

በደንብ የሰማኋት አልመሰለኝም።

«እንዴት ማስወጣት?»

«እኛን በቀይ ካርድ እንደሚያስወጡን። ለወላጅ ሕግ የለውም?»

አላለቀሰችም፤ ድምጿም አልተንቀጠቀጠም። አንዲት ተጫዋች ያልገባትን ሕግ ዳኛዋን እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጩኸቱን አለመስማቴን እንደ ጉብዝና ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ጩኸቱ እኔን አልፎ የት እንደሚያርፍ አንድም ቀን ዞር ብዬ አላየሁም። እኔ ጆሮዬን ቤት ሳስቀምጥ ልጆቹ የነሱን ይዘው ነው የሚመጡት።

ሕጉ አለ። ተመልካች ጨዋታ ከረበሸ ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ እንዲወጣ ማድረግ ይችላል። ተምሬዋለሁ፤ ተጠቅሜበት ግን አላውቅም።

«አለው» አልኋት። «አንቺ ጎልሽ ውስጥ ቁሚ።»

ኳሷን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ መረቡ ጀርባ ሄድሁ። በልቤ የማስበው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የእናቴ ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ነው።

«ዶክተር፣ ከሜዳው መውጣት አለብዎት» አልሁት። «እርስዎ እስኪወጡ ጨዋታው አይቀጥልም።»

መረቡን ለቀቀ። ከዚያ፣ የተሳሳትሽው አንቺ፣ የምትቀጭው እኔን ነው ወይ አለኝ። ስለ ቅጣት ምቱ አይደለም አልሁት። ታዲያ ስለ ምንድን ነው ሲለኝ መልስ አልሰጠሁትም። ልጁ ያለችውን ከእኔ አፍ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንዲሰማ አልፈለግሁም። ሌሎቹ ወላጆች ከበቡን። አንዱ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤት እደውላለሁ አለ፤ አንዱ ደግሞ መሳሳትሽን እመኚና ነገሩ ይብቃ ይላል። ጃንጥላ የምትይዘው እናት ጨዋታውን ስትቀርጽበት የነበረውን ስልኳን ወደ እኔ አዙራ ትቀርጸኛለች። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ቆምሁ። ዐሥር ደቂቃ ከሞላ ጨዋታውን ማቋረጥ ነው ያለብኝ። ወደ ኋላዬ ሳይ ልጆቹ፣ የሁለቱም ቡድን፣ መሬት ላይ ተቀላቅለው ተቀምጠው ከአንድ የውሃ ፕላስቲክ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። የበረኛዋ ቦታ ብቻ አልተለወጠም። ቁሚ ባልኋት ቦታ ቆማለች።

ያን ጊዜ አያ ከማዶ ተነሥተው ሜዳውን በመካከሉ አቋርጠው መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ሐኪሙን ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«ምነው ልጄ?» አሉት። «እኔም ሳርስ እጮሃለሁ። የምጮኸው ግን በበሬ ላይ ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሐኪሙ አልሳቀም፤ ክንዱንም አልነጠቀም።

«ያች ሸጋ ልጅ ያንተ ናት? እሷስ ቆማልሃለች። በል ና፣ እኔም አብሬህ እወጣለሁ። ሁለት ሆነን ስንወጣ ማፈሪያ የለውም።»

እሳቸው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ነበር። ጨዋታው ገና አላለቀም። ቢሆንም ሐኪሙን ክንዱን እንደያዙ ይዘውት ሄዱ። መንገዱ ዳር መኪናው ወደቆመችበት ሲወርዱ አየኋቸው። አንዱ ነጭ ጋቢ፣ አንዱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቀስ እያሉ፣ በሽማግሌው እርምጃ።

ወደ ሜዳው ተመለስሁና ኳሷን አስቀመጥሁ። የአይከሏ ልጅ ወደ ቀኝ መታች፤ በረኛዋ ወደ ግራ ወደቀች። ጎል ገባ። ልጅቷ ተነሥታ እንደ ልማዷ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ከመረቡ ጀርባ ማንም የለም። ባዶውን ቦታ ትንሽ ጊዜ አየችው። ከዚያ ኳሷን ከመረቡ ውስጥ አወጣችና ወደ መሀል ወርውራ፣ «ገና ነው! በግራ በኩል ያለችውን ያዟት!» ብላ ጮኸች። ቡድኗን ስታዝ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ድምጿ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር። እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ ስትጮህ ቆየች፤ ተከላካዮቿም ይሰሟት ነበር። አንድ ለባዶ ተሸነፉ።

ጨዋታው እንዳለቀ ጃንጥላ የያዘችው እናት ስልኳን ይዛ መጣች። ስትቀርጽ የቆየችው እኔን ብቻ አልነበረም፤ ቅጣት ምት የሰጠሁበት ኳስም ነበረበት። ሦስት ጊዜ መላልሼ አየሁት። የተከላካይዋ ክንድ ተነሥቷል፤ ኳሷ ያረፈችው ግን ደረቷ ላይ ነው። ሐኪሙ ልክ ነበር።

ሴትየዋ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከኋላ ሆነሽ ልታይው አትችይም ነበር አለችኝና ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ከዚህ በፊት ከእሷ የሰማሁት ደግ ነገር አልነበረም።

ለጽሕፈት ቤቱ የምሰጠውን ሪፖርት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጻፍሁ። ተመልካች ማስወጣቴን ጻፍሁ፤ የሰጠሁት ፍጹም ቅጣት ምት ስሕተት እንደነበረም ጻፍሁ። ሪፖርቱን የተቀበለኝ ሰው አንብቦ ሲጨርስ የሁለተኛውን ነገር ተይው፣ ማን ጠየቀሽ አለኝ። እኔም፣ አንድ አባት ጮኾ ልጁን አሳቀቀ ብዬ ከጻፍሁ እኔ የሠራሁትን መተው አይሆንልኝም አልሁት። ራሱን የከሰሰ ዳኛ ገና ማየቴ ነው ብሎ ማኅተሙን መታበት። ውጤቱ ግን አልተለወጠም፤ ሜዳ ላይ የተሰጠ ውሳኔ አይቀለበስም።

ሰኞ እናቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ ሌላ ሐኪም ቢያጋጥመን ብዬ ስመኝ ነበር። አላጋጠመንም። እሱ ራሱ ነበር። ወንበሩን አስጠጋ፤ ግፊቷን ለካ፤ ደህና ነው፤ በርቱ አላት። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ልንወጣ ስንል ግን እናቴን አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳስቀምጣት ነግሮኝ ኮሪደሩ ላይ ተከተለኝ።

«ኳሷ ደረቷን ነው የመታቻት» አለኝ።

«አዎ። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ተሳስቻለሁ፤ ሪፖርቴም ላይ ጽፌዋለሁ።»

ብዙ ክርክር አዘጋጅቶ እንደመጣ ያስታውቅ ነበር። ሁሉም እጁ ላይ ቀረበት። እጆቹን ነጭ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ወለሉን አየ። ከዚያ ቅዳሜ ዕለት መኪና ውስጥ የሆነውን ነገረኝ። ወደ ቤት ሲመለሱ ስለ ቅጣት ምቱና ስለ እኔ ሲያማርር ልጁ ዝም ብላ ሰማችው፤ ቤት ሊደርሱ ሲሉ፣ አንተ እንድትወጣ ዳኛዋን የጠየቅኋት እኔ ነኝ አለችው። አላመናትም ነበር። ከእኔ ሊሰማ ፈልጎ ነው።

«እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

አንዲት ነርስ ስሙን ጠርታ አለፈች፤ መጣሁ አላትና አልተንቀሳቀሰም። አባቱ እሱ ሲማር አንድም ቀን የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ረግጠው እንደማያውቁ ነገረኝ። ልጅ ሲወልድ፣ ዞር ባለች ጊዜ ሁሉ እንድታገኘኝ ብሎ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር።

«ስጮህ የማግዛት ነበር የሚመስለኝ» አለ።

እናቴን በዚያ ትዕግሥት የሚይዝ ሰው ፊቴ ቆሟል፤ ልጁንም እንደሚወዳት አልተጠራጠርሁም። «ዞር ስትል ታገኝዎታለች» አልሁት። «ችግሩ ሁልጊዜ ዞር ማለቷ ነው። ኳሷ ያለችው ከፊት ነው።»

ከሽማግሌው ጋር ውጭ ሲጠብቁ ምን አሉዎት ብዬ ጠየቅሁት፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ሳስበው ነበር። ያን ጊዜ ትንሽ ፈገግ አለ። አያ ስለ ኳስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሐኪም መሆኑን ሲሰሙ የመኪናው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሱሪያቸውን ሰብስበው የሚያማቸውን ጉልበት አሳዩት። እሱም ተንበርክኮ ሲያየው ጨዋታው አለቀ። ሆስፒታል ይምጡ ብሏቸዋል፤ ከአዝመራ በኋላ ብለውታል።

እናቴ ስለ ሕመሟ የተደበቀ ነገር ያለ መስሏት እስከ ቤት ድረስ አፋጠጠችኝ። ስለ ኳስ ነው ያወራነው ብላት፣ እሱን የመሰለ ሰው ስለ ኳስ ምን ብሎ ያወራል ብላ ሳታምነኝ ቀረች።

ሐኪሙ ሁለት ቅዳሜ ከሜዳ ቀረ። ልጅቷ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ቀላል ኳሶች ገቡባት፤ የሆነው ሆኖ ከመሀል እስከ ጎሏ ድምጿ ይሰማ ነበር። በሁለተኛው ምንም አልገባባትም። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ እኔ መጥታ፣ አባቷ መምጣት እንደሚፈልግና እሷን እንደጠየቃት ነገረችኝ።

«ምን አልሽው?»

«ጎል ጀርባ ካልቆመ ይምጣ አልሁት።»

በሦስተኛው ሳምንት የመልሱ ጨዋታ አይከል ነበር፤ መንገዱም ደኅና ነው ተብሏል። ጠዋት አውቶቡሱ ጋ ስደርስ ሐኪሙ ከልጆቹ ቀድሞ መጥቶ ቆሟል። ሰላም አለኝና ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። ልጁ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ኋላ አለፈች፤ እሱም አልተከተላትም።

የአይከሉ ሜዳ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ነው፤ ኳስ ከወጣች ለማምጣት ብዙ ሩጫ አለው። አያ ሐኪሙን ከሩቅ አውቀውት በዱላቸው ጠሩት። ከጎናቸው ቦታ ሰጥተውት በሜዳው መካከል ትክክል፣ ከሁለቱም ጎል እኩል ርቀት ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን እንደ ሐኪሙ የደከመ ሰው አላየሁም። ልጁ ላይ ኳስ በመጣች ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ሊል ይልና አያ ጋቢያቸው ሥር ጉልበቱን ይጫኑታል። አንድ ጊዜ ግን አልቻለም። አጥቂዋ ብቻዋን ስትገባ «ውጪ!» የሚል ድምፅ ሜዳውን ሞላው። ወዲያው አፉን በሁለት እጁ ያዘ።

ልጅቷ ወጥታ ኳሷን ነጠቀች። ተነሥታ ወደ አባቷ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በጣቷ ወደ እሱ ጠቆመች። ደንብ ላይ የለም፤ ቢሆንም ቢጫ ካርዴን አወጣሁና ለሐኪሙ ከፍ አድርጌ አሳየሁት። የአይከል ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ልጅቷም እየሳቀች ኳሷን ለግታ ወደ መሀል ላከቻት።

አንድ እኩል ወጡ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ልጅቷ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ኳስ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ጀርባቸው ተቀምጬ ስሰማ ግን ከጨዋታው በኋላ አያ ቤት ገብተው ስለቀመሱት ጠላና ስለ አንዲት ጥጃ ነበር የሚያወሩት፤ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ታስረዳዋለች።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። በዚያ ዓመት አንድ አባት በእኔ ተናድዶ ልጁን ከቡድኑ አስወጥቷታል፤ ዛሬም አራዳ ላይ ስንገናኝ ፊቱን ያዞርብኛል። ልጅቷን አልፎ አልፎ ከሜዳው አጥር ውጭ ቆማ ስታይ አያታለሁ። እኔም ከዚያ በኋላ ሁለት ወላጆች አስወጥቻለሁ። ቢሆንም ብዙ ነገር ተለውጧል። ሐኪሙና ጃንጥላ ያላት እናት ተነጋግረው ከጎሎቹ ጀርባ ሰው እንዳይቆም ገመድ የሚወጥሩት እነሱ ሆነዋል። አንድ አዲስ ወላጅ ሲጮህ እኔ ከመድረሴ በፊት ከሁለቱ አንዳቸው አጠገቡ ይቆማሉ። ምን እንደሚሉት አላውቅም። ብቻ ዝም ይላል። በረኛዋም ከዕድሜ ክልሉ አልፋ ዘንድሮ ከትልልቆቹ ጋር ትጫወታለች።

እኔ የለወጥሁት አንድ ነገር ነው። ጨዋታ ከመጀመሬ በፊት በመስመሩ ላይ እየዞርሁ ወላጆችን አንድ በአንድ እጨብጣለሁ፤ የትኛዋ ልጅ የእርስዎ ናት ብዬ እጠይቃለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ረዳቶቼም ይስቁብኛል። ግን ልጁን በጣቱ ካሳየኝ ሰው ጋር እንደ ባዳ መጣላት ለሁለታችንም ይከብደናል።

ባለፈው ቅዳሜ የታናናሾቹ ጨዋታ ነበር። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ብቻዋን የቆመች፣ ሜዳው ጋ መጥታ የማታውቅ አንዲት እናት አገኘሁ። ስጨብጣት እጇ ቀዝቅዟል፤ ከልጇ ይልቅ እሷ የፈራች ትመስል ነበር። የትኛዋ ናት ያንቺ አልኋት።

«ያቻት፤ ሰባት ቁጥር» አለችኝ። «የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቷል። ብጠራት ታፍርብኛለች፤ አንቺ ትነግሪያታለሽ?»

ፊሽካዬን ኪሴ ከተትሁና ወደ ሰባት ቁጥር ሄድሁ። ተንበርክኬ ማሰሪያዋን ሳስርላት ልጅቷ ትከሻዬን ደገፍ ብላ ወደ ጎሉ ታይ ነበር።